ለትንንሽ ቦርዶች ከርነል በኮንቴይነር ኮምፓይል ማድረግ፤ ኔትና መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ

ርካሽ ቦርድ (ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር) ገዝታችሁ ሻጩ በሰጣችሁ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ የምትፈልጉት ድራይቨር (አንድን ዕቃ የሚያሠራው ኮድ) ከጎደለ፣ ራሳችሁ ኮምፓይል ላድርግ (ከምንጭ ኮዱ ልሥራው) ስትሉ ደግሞ ላፕቶፓችሁ በማይገባ ኢረር ካስመረራችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቦርዱ የተተከለው ቡሬ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ መንገድ ኔት ሲጠፋም፣ መብራት መሃል ላይ ሲሄድም የሚሠራ ነው። ትእዛዞቹን በፊደላችን ስለምጽፋቸው ኮፒ ፔስት አይሆኑላችሁም። እነሱን የትም ታገኟቸዋላችሁ። የሚጠፋው ለምን እንደሚጻፉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሬ አንድ የበቆሎ መጋዘን አለ። ባለቤቶቹ የመጋዘኑ ሙቀትና እርጥበት በየሰዓቱ እንዲመዘገብላቸው ፈለጉ። በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ከገባ፣ ማለትም እርጥበቱ ከ13 በመቶ ገደማ ካለፈ፣ ይሻግታል። ነቀዙም ይፈላበታል። ሴንሰር ያለው ትንሽ ቦርድ አስቀመጥንላቸው፤ መመዝገቡንም መዘገበ። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ቦርዱ ላይ በባትሪ የሚሄድ ሰዓት የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስና ኔት ሳያገኝ ሲቀር ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ይጀምራል፤ የሊኑክስ ሰዓት ዜሮው እዚያ ነውና። በእኛ ታኅሣሥ 23፣ 1962 መሆኑ ነው።

የመጋዘኑ ጠባቂ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ስክሪኑ ላይ 1970 የሚለውን አዩና በእኛ አቆጣጠር አነበቡት። «በ70 እኮ እኔ ካራማራ ነበርሁ! ይኸ በቆሎ ያኔ አልተዘራም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ማሽኑ ነው የተሳሳተው፤ አንቱ ትክክል ነዎት» ብላቸው ደብተራቸውን አወጡ። ጠዋት ጠዋት ቴርሞሜትሩን እያዩ በእስክሪብቶ ይጽፉ ኖሯል። ያን ሰሞን ከቦርዱ መዝገብ ይልቅ የሳቸው ደብተር ነበር የሚታመነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ዲኤስ3231 የሚባል ባትሪ ያለው የሰዓት ሞጁል አለ፤ አራት ሽቦ ብቻ ነው የሚያያዘው። ግን የሻጩ ከርነል ውስጥ ድራይቨሩ ጠፍቷል። ከርነሉ 4.9 ነው። ይህ ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሲሆን ድጋፉም በ2023 መጀመሪያ ላይ ተቋርጧል። ሻጩ ግን እስካሁን ይሸጠዋል። ደግነቱ የሊኑክስ ከርነል ፈቃዱ ጂፒኤል ስሪት 2 ስለሆነ ከርነሉን ያከፋፈለ ሰው ምንጭ ኮዱንም የመስጠት ግዴታ አለበት። የእኔም ሻጭ ሰጥቷል፤ ያለ አንዲት መስመር ማብራሪያ በታር ጠቅልሎ።

«ቦርዱ ላይ ራሱ ለምን አትሠራውም?» የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ግን ቦርዱ ራሙ 512 ሜጋባይት ነው፣ ዲስኩ ሚሞሪ ካርድ ነው፣ ከርነል ኮምፓይል ማድረግ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ማንበብና መጻፍ ነው። ካርዱን ትጨርሱታላችሁ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ የቦርዱም ሲስተም አብሮ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ቢያንስ ባትሪ አለው። ስለዚህ ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ ለአርም ፕሮሰሰር ኮድ ማውጣት፣ ማለትም ክሮስ ኮምፓይል ማድረግ፣ ያዋጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ላይ ደርሰናል። ከርነል ሲገነባ የሚሠሩት ሁለት ኮምፓይለሮች ናቸው። አንዱ ለአርም ኮድ የሚያወጣው ነው፤ ስሙ ኤአርች64-ሊኑክስ-ግኑ ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው የላፕቶፑ የራሱ ጂሲሲ (ሊኑክስ ላይ የተለመደው ኮምፓይለር) ነው። እሱ ለምን አስፈለገ? ከርነሉ ለግንባታ የሚጠቀምባቸው የራሱ ትንንሽ መሣሪያዎች ስላሉት ነው። ማውጫውን የሚያሳየው ሜኑኮንፊግ፣ የቦርዱን የሃርድዌር ዝርዝር የሚተረጉመው ዲቲሲ፣ ሌሎችም መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ እንዲሄዱ ተደርገው ይሠራሉ። ለአርም የሚሆነውን ኮምፓይለር የፈለጋችሁትን አሮጌ ስሪት አምጡ፤ የላፕቶፑ ጂሲሲ አዲስ ከሆነ አሮጌው ከርነል ገና በሩ ላይ ይወድቃል።

የእኔም እዚያው ወደቀ። ኢረሩ ዲቲሲ ላይ ነበር፤ «መልቲፕል ዴፊኒሽን ኦፍ ዋይዋይሎክ» ይላል። ይህን ኢረር ካያችሁ አትደንግጡ፣ ኮዱንም አትጠራጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂሲሲ 10 አንድ ልማድ ቀይሯል። ቀድሞ ሁለት ፋይሎች አንድ ዓይነት ስም ያለው ግሎባል ተለዋዋጭ ዋጋ ሳይሰጡ ቢያውጁ ዝም ብሎ አንድ ያደርጋቸው ነበር፤ ከ10 ወዲህ ኢረር ነው የሚሰጠው። ዋናው ከርነል ይህን ወዲያው አስተካክሏል፤ በድጋፍ ላይ ወደነበሩት አሮጌ ስሪቶችም ማስተካከያው ወርዷል። የሻጮች ቅጂ ግን አንዴ ከተገነጠለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

እርግጥ አንዷን መስመር ከፋይሉ ውስጥ አጥፍቶ ማለፍ ይቻላል። ብዙ ሰው የሚመክረውም ይህንን ነው። ግን ያችን ስታልፉ ሌላ ትመጣለች። አዲስ ኮምፓይለር አዲስ ማስጠንቀቂያ አለው፤ አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ማስጠንቀቂያን ሁሉ እንደ ኢረር እንዲቆጠር አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ያን ሁሉ እያሳደዳችሁ የሻጩን ኮድ መጠገን የእናንተ ሥራ አይደለም። ከርነሉን በዘመኑ ኮምፓይለር መሥራት ይቀላል። ላፕቶፓችሁን ወደ ድሮ ሊኑክስ መመለስ ደግሞ እብደት ነው። ቨርቹዋል ማሽንም ያስኬዳል፤ ግን 8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ግማሹን ራም ቆርሶ መስጠት ያሳዝናል።

ኮንቴይነር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ኮንቴይነር ሌላ ማሽን አይደለም። የላፕቶፓችሁን ከርነል ይጋራል፤ የሚለየው ፋይሎቹ፣ ላይብረሪዎቹና ኮምፓይለሮቹ ብቻ ናቸው። «ከርነል የሚጋራ ነገር ውስጥ እንዴት ሌላ ከርነል ይሠራል?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ቀላል ነው። ኮምፓይለር ጽሑፍ አንብቦ ፋይል ያወጣል። የሚያወጣው ከርነል ቢሆን ካልኩሌተር ለሱ ለውጥ የለውም። ላፕቶፑ 6 ምናምን ስሪት ላይ ሆኖ ኮንቴይነሩ ውስጥ 4.9 ይሠራል።

እኔ ለኮንቴይነሩ የመረጥኩት ዴቢያን 10 የሚባለውን የሊኑክስ ስርጭት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው፣ ጂሲሲው 8 ነው፤ ለአርም የሚሆነውም ኮምፓይለር እዚያው እንደ ፓኬጅ አለ። ሁለቱም ኮምፓይለሮች የአንድ ዘመን ስለሆኑ አይጣሉም። የዶከርፋይሉ ይዘት አጭር ነው፤ ዶከር የሚባለው የኮንቴይነር ማስነሻ ኢሜጁን፣ ማለትም ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን ጥቅል፣ የሚሠራው በዚህ መመሪያ ነው። ከዴቢያን 10 ተነሳ፤ ሜክን (ግንባታውን የሚመራውን)፣ ጂሲሲን፣ የአርም 64ን ኮምፓይለር፣ ባይሰንንና ፍሌክስን፣ ቢሲን፣ የኤስኤስኤልና የኤንከርስስ ላይብረሪዎችን ከነዴቭ ፓኬጆቻቸው ጫን። ቢሲን አትርሱ። ትንሽ ካልኩሌተር ፕሮግራም ናት፤ ከርነሉ የሰዓት ስሌት ፋይሎቹን የሚያወጣባት ስለሆነች እሷ ከጎደለች ግንባታው ይቆማል። ኤንከርስስ የሚያስፈልገው ለሜኑኮንፊግ ነው፣ ኤስኤስኤል ደግሞ ሞጁል ከመፈረም ጋር ለተያያዙ ነገሮች።

አንድ መሰናክል አለ። አሮጌ የዴቢያን ስሪቶች ከዋናው ሰርቨር ይነሱና ወደ ማኅደሩ ሰርቨር ይዛወራሉ። ኢሜጁን ስትሠሩ የፓኬጅ ዝርዝር ማውረዱ 404 ካላችሁ ኔቱን አትርገሙ። የፓኬጅ ምንጭ ፋይሉ ላይ አድራሻውን ወደ አርካይቭ ዶት ዴቢያን ዶት ኦርግ ቀይሩት። አንዳንዴ ደግሞ የዝርዝሩ ፋይል ጊዜው አልፏል ብሎ ይከለክላችኋል፤ ያን ጊዜ የጊዜ ማጣሪያውን እንዲተው የሚያደርገውን አማራጭ ለአፕት (ለዴቢያን ፓኬጅ ጫኙ) መስጠት ነው።

ሌላ ሰው የሚደናገርበት ነገር፤ ኢሜጁ የላፕቶፓችሁ ዓይነት ነው መሆን ያለበት እንጂ የቦርዱ አይደለም። ቦርዱ አርም ስለሆነ የአርም ኢሜጅ ያወረደ ጓደኛ አለኝ። ሠርቶለታል፤ ግን እያንዳንዱ መመሪያ በኪዩኢሙ (የሌላ ፕሮሰሰርን ኮድ በሚያስኬደው ፕሮግራም) እየተተረጎመ ስለሆነ ኤሊ ቀደመው። ክሮስ ኮምፓይለር እያለ ያን መንገድ ምን አመጣው?

ምንጭ ኮዱን ኢሜጁ ውስጥ አታስገቡት። ኢሜጁ መሣሪያ ብቻ ይያዝ፤ ኮዱ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጥና ኮንቴይነሩን ስታስነሱ ማህደሩን (ፎልደሩን) ወደ ውስጥ አገናኙት። ኮንቴይነሩ ሲዘጋ ይጥፋ፤ የሠራችሁት ሁሉ ውጭ አለ። ዶከር የምትጠቀሙ ከሆነ የራሳችሁን የተጠቃሚ ቁጥር ይዞ እንዲነሳ አድርጉ። አለዚያ ውስጥ ያለው ተጠቃሚ ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚ) ስለሆነ የሚወጡት ፋይሎች ሁሉ የሩት ይሆኑና ቆይታችሁ ራሳችሁ የሠራችሁትን ፋይል ማጥፋት ትከለከላላችሁ። እኔ ወደ ፖድማን (እንደ ዶከር ያለ ሌላ መሣሪያ) የዞርኩት በዚህ ነው። ፖድማን ያለ ሩት ሲነሳ ውስጥ ያለውን ሩት ውጭ ካላችሁት እናንተ ጋር ያዛምደዋል፤ ነገሩ በራሱ ያልቃል።

ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው) ይበቃችኋል። ግን ምንጭ ኮዱን በሲ ድራይቭ ላይ አታስቀምጡት። አንደኛ በጣም ይንቀረፈፋል። ሁለተኛ ከርነሉ ውስጥ፣ በተለይ ኔትፊልተር የሚባለው ክፍል ላይ፣ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል ብቻ የሚለያዩ ስም ያላቸው ፋይሎች አሉ። ዊንዶውስ ሁለቱን እንደ አንድ ያያቸዋል፤ ሲፈታ አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋል። የማክም የተለመደው ዲስክ እንዲሁ ነው። ኮዱን እዚያው ሊኑክሱ ውስጥ ወይም በኮንቴይነሩ የራሱ ቮልዩም ላይ ፍቱት።

አሁን ግንባታው። ሁለት ተለዋዋጭ መስጠት ግድ ነው፤ አርክ የሚባለው አርም64 መሆኑን፣ ክሮስ ኮምፓይል የሚባለው ደግሞ የኮምፓይለሩን ቅድመ ስም። እነዚህን ዶከርፋይሉ ውስጥ እንደ ኤንቫይሮንመንት ተለዋዋጭ ብታስቀምጡ ዕረፍት ነው። አንዴ ረስታችሁ ያለነሱ ሜኑኮንፊግ ብትከፍቱ ኮንፊጋችሁን (የከርነሉን ምርጫዎች ዝርዝር) ለኢንቴል አድርጎ ይለውጥባችኋል፤ የአርም ምርጫዎች ሁሉ ጸጥ ብለው ይጠፋሉ።

ኮንፊጉን ከየት ታመጣላችሁ? ከተቻለ ከሚሠራው ቦርድ ላይ። ብዙ ከርነሎች የተሠሩበትን ኮንፊግ ፕሮክ የሚባለው ማህደር ውስጥ ኮንፊግ ዶት ጂዚ በሚባል ፋይል ይዘው ይዞራሉ። ያን ገልብጣችሁ፣ ፈትታችሁ፣ ምንጭ ኮዱ ሥር ዶት ኮንፊግ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከሌለ የሻጩን ዴፍኮንፊግ (ለቦርዱ የተዘጋጀውን መነሻ ኮንፊግ) ተጠቀሙ። ቀጥሎ ሜኑኮንፊግ ከፍታችሁ ስላሽ (/) ተጫኑና 1307 ብላችሁ ፈልጉ። አዎ፣ 1307። የዲኤስ3231 ድራይቨር ለብቻው የለም፤ የዲኤስ1307 ድራይቨር ነው እሱንም የሚያስተናግደው። ብዙ ሰው 3231 ብሎ ይፈልግና አጣሁት ይላል።

ይህንን ድራይቨር ሞጁል (ከርነሉ ከተነሳ በኋላ የሚጫን ለብቻው ያለ ፋይል) አድርጋችሁ አትተዉት፤ ከርነሉ ውስጥ አብሮ እንዲሠራ አድርጉት። የአይቱሲ (የሰዓት ሞጁሉ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር) መቆጣጠሪያውንም እንደዚያው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ4.9 ከርነሉ የባትሪውን ሰዓት አንብቦ የራሱን ሰዓት የሚያስተካክለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገና ሲነሳ ነው። በዚያች ቅጽበት ሞጁሎች አልተጫኑም። ድራይቨሩ ዘግይቶ ከመጣ ሰዓቱ አለ፣ ይነበባል፣ ግን ሲስተሙ 1970 ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ደግሞ የሃርድዌር ዝርዝሩ፣ ዲቫይስ ትሪ የሚባለው። ከርነሉ አይቱሲ ላይ ምን እንደተሰካ በራሱ አያውቅም፤ መንገር አለባችሁ። የቦርዱን ዲቲኤስ ፋይል ከፍታችሁ፣ ሞጁሉን የሰካችሁበት አይቱሲ ሥር አንድ አጭር ክፍል ትጨምራላችሁ፤ ዓይነቱ ማክሲም ዲኤስ3231፣ አድራሻው በሄክሳ 68። አይቱሲው ራሱ ጠፍቶ ከሆነ ሁኔታውን ኦኬ አድርጉት። ገና ድራይቨሩ ሳይገባ አይቱሲዲቴክት ብትሉ ሰንጠረዡ ላይ 68 ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ከጎኑ 57ም አለ፣ እሱ ሞጁሉ ላይ ያለችው ትንሽ ሚሞሪ ናት። አዲሱ ከርነል ከተነሳ በኋላ ግን በ68 ቦታ ሁለት የዩ ፊደል ታያላችሁ። ድራይቨሩ ይዞታል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳይ ነው ቡና የጠጣሁት።

ስለ ሞጁሉ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ገበያ ላይ ያለው ሰማያዊው ሞጁል ባትሪ የሚሞላ ሰርኪት አለበት። ብዙዎቹ ግን ሲአር2032 ተገጥሞባቸው ነው የሚሸጡት፤ ይህ ደግሞ የማይሞላ ባትሪ ነው። በ5 ቮልት ከሰጣችሁት ባትሪውን ሊሞላው ይሞክራል፤ ሊያብጥም ይችላል። በ3.3 ቮልት ስጡት፤ ለቦርዱም ፒኖች የሚስማማው እሱ ነው። ጥንቃቄ ካበዛችሁ የመሙያዋን ሬዚስተር ንቀሉት። በቆሎ የሞላበት መጋዘን ውስጥ ነው የምታስቀምጡት።

ግንባታው ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። ኢሜጅ (እዚህ ላይ የከርነሉ ፋይል ነው እንጂ የኮንቴይነሩ አይደለም)፣ ሞጁልስና ዲቲቢስ (ከዲቲኤስ ተተርጉመው የሚወጡት) ብላችሁ ሜክን ማዘዝ ነው። ፕሮሰሰሩ ስንት ኮር እንዳለው አይታችሁ ያን ያህል ሥራ በአንዴ ስጡት። ሲካሽ የሚባለውን ፓኬጅ ግን ጨምሩ፤ አንዴ ኮምፓይል የሆነን ፋይል አስቀምጦ በድጋሚ ሲጠየቅ ከማከማቻው ይሰጣል። ማከማቻውን ከኮንቴይነሩ ውጭ ማድረግ እንዳትዘነጉ፣ አለዚያ ኮንቴይነሩ ሲጠፋ አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፑ ባትሪው ደክሞ ከቻርጀር ውጭ የማይቆይ ለሆነበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መብራት መሃል ላይ ሲሄድስ? ሜክ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው፤ እስከዚያ ድረስ ጥሩ ነው። ላፕቶፑ ድርግም ብሎ ከጠፋ ግን በዚያች ቅጽበት ሲጻፉ የነበሩ ፋይሎች ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ሜክ የሚያየው የፋይሉን ጊዜ ነው እንጂ ውስጡን አይደለም። «ይህ አለ፣ ከምንጩም ይልቅ አዲስ ነው» ይልና ያልፈዋል። ቆይቶ ሁሉንም ሲያገናኝ የፋይሉን ዓይነት አላወቅኩትም ወይም ፋይሉ ተቆርጧል የሚል ኢረር ይመጣል። ይሄኔ ሁሉን አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። ስማቸው በዶት ኦ የሚያልቅ፣ መጠናቸው ዜሮ የሆነ ፋይሎችን በፋይንድ ፈልጋችሁ አጥፉና ሜክን ድገሙት። እነሱን ብቻ መልሶ ይሠራል። አሁን ይህችን ትእዛዝ ከግንባታው በፊት ሁልጊዜ እንድትሄድ ስክሪፕቴ ውስጥ አስገብቻታለሁ።

የላፕቶፑ የማዘርቦርድ ባትሪ የሞተባችሁ ደግሞ (በአሮጌ ላፕቶፕ የምንሠራ ብዙዎች ነን) መብራት መጥቶ ስታበሩት የላፕቶፑም ሰዓት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ኮንቴይነሩ የላፕቶፑን ሰዓት ነው የሚያየው። ሜክ «የፋይሉ ጊዜ ወደፊት ነው፤ ግንባታው የተሟላ ላይሆን ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃችኋል። ማስጠንቀቂያው እውነቱን ነው፤ ሰዓቱን አስተካክላችሁ ቀጥሉ።

ኮንቴይነርን የወደድኩበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሰው ስለ ኮንቴይነር ሲያወራ ስለ ክላውድና ስለ ትልልቅ ሰርቨሮች ነው የሚያወራው። ለኛ የሚጠቅመው ስንቅ መሆኑ ነው። ጥሩ ኔት ያለበት ቀን አንዴ ኢሜጁን ትሠራላችሁ፤ ሁሉም ፓኬጆች ያን ቀን ይወርዳሉ። ከዚያ ሴቭ በሚለው ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል አውጥታችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ፍላሽ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሎድ ብሎ ማስገባት ነው፤ አንዲት ባይት ኔት አይፈልግም። ዶከርፋይሉ ብቻ በቂ ነው የሚሉ አሉ። ኔት ለሚያድርላቸው ይሁንላቸው። ዶከርፋይል በየጊዜው አዲስ ነገር ያወርዳል፤ ፓኬጁ ከሰርቨር ሊነሳም ይችላል። የተቀመጠ ኢሜጅ ግን ያው የሠራችሁበት ቀን እንደነበረው ነው።

ደብረ ማርቆስ ላለ ጓደኛዬ በዚህ መንገድ ነው የላክሁለት፤ ፍላሹን ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ። ኢሜጁ ተጨምቆ ከአንድ ጊጋ በታች ስለነበር አልተቸገርንም። የእናንተ ካበጠ ግን ፋት32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የከርነሉን ማህደር እንዳለ ፍላሹ ላይ ለመገልበጥም አትሞክሩ፤ ሲምሊንኮቹ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁሙት አቋራጮች) ይጠፋሉ፣ በፊደል መጠን የሚለያዩት ፋይሎችም ይደራረባሉ። በታር ጠቅልላችሁ አንድ ፋይል አድርጉት። ከዋናው ከርነል የምታወርዱ ከሆነ ደግሞ የጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው) ታሪኩን ሙሉ መሳብ ጊጋባይቶች ነው፤ የኔት ፓኬጃችሁን ይጨርሰዋል። ጥልቀቱን 1 አድርጋችሁ ክሎን አድርጉ ወይም ታሩን አውርዱ። ለምሳሌ የ6.6 ስሪት ተጨምቆ 140 ሜጋባይት ገደማ ነው።

ወደ ቦርዱ ስትጭኑ አሮጌውን ከርነል አታጥፉት። ከጎኑ ሌላ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡ። ዩ-ቡቱ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ኤክስትሊኑክስ ኮንፍ የሚባለውን ፋይል የሚያነብ ከሆነ ሁለተኛ ምርጫ ጨምሩበት፤ አዲሱ እምቢ ካለ በአሮጌው ትነሳላችሁ። ይህ ለባሕር ዳር ልጅ ቡሬ ድረስ ተመልሶ መሄድን ያድናል። ሞጁሎቹን ሞጁልስ ኢንስቶል ስትሉ ደግሞ የመድረሻ ማህደሩን የግድ ስጡት። ኮንቴይነሩ ውስጥ ሩት ሆናችሁ ሳትሰጡት ብትቀሩ የኮንቴይነሩ የራሱ ሊብ ማህደር ውስጥ ይጭነውና ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ኮንቴይነር ባይኖር ግን የላፕቶፓችሁ ሊብ ውስጥ ነበር የሚገባው።

ከርነሉ ተነስቶ ሞጁሎች ግን «ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት» ብለው ካልገቡ የስሪት ስም አልገጠመም። ዩኔም በሚለው ትእዛዝ የሚታየው ስምና የሞጁሎቹ ማህደር ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለባቸው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመደመር ምልክት ናት። ኮዱ ጊት ውስጥ ከሆነና የለወጣችሁት ነገር ካለ ከርነሉ በስሙ ጫፍ ላይ በራሱ ይጨምራታል። ሎካልቨርዥን የሚባለውን ተለዋዋጭ ባዶ አድርጋችሁ ብትሰጡት ትጠፋለች።

የሲሪያል ገመድ ሳትይዙ ይህን ሥራ አትጀምሩ። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይረው፣ 3.3 ቮልት የሆነው፣ ሦስት ሽቦ፤ ግራውንድ ከግራውንድ፣ ማስተላለፊያው ከመቀበያው ጋር ተሻግሮ። ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ 115200 ነው። «ስታርቲንግ ከርነል» ብሎ ጸጥ ካለ ከርነሉ ሞተ ብላችሁ አትደምድሙ። መጀመሪያ ዲቲቢው የቦርዱ መሆኑን፣ ቀጥሎ ኮንሶሉ በትክክለኛው ፖርት ላይ መታዘዙን እዩ። ብዙውን ጊዜ ከርነሉ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የሚያወራው በሌላ በር ነው።

አንዴ ከተነሳ በኋላ ትክክለኛውን ሰዓት አስገብታችሁ በኤችደብሊውክሎክ ወደ ባትሪው ሰዓት ጻፉት። ባትሪው ላይ የሚቀመጠው የዓለም ሰዓት ይሁን። የእኛን 3 ሰዓት ልዩነት ሲስተሙ ይጨምር። የመጋዘኑ ሰዎች የሚያነቡት ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት ቀንሼ በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን እንዲወጣ አድርጌዋለሁ። ጋሼም ከደብተራቸው ጋር አመሳክረውት «አሁንስ ነቃ» ብለውኛል።

ፕሮክ ውስጥ ቨርዥን የሚለውን ፋይል ብታነቡ ከርነሉን ማን፣ በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ኮምፓይለር እንደሠራው ይነግራችኋል። ኮንቴይነር ውስጥ ሲሠራ የማሽኑ ስም ትርጉም የሌለው የቁጥርና የፊደል ድርድር ይሆናል። ኬቢዩልድ ብለው የሚጀምሩትን የተጠቃሚና የማሽን ስም ተለዋዋጮች ብትሞሉ፣ የኢሜጃችሁን ስም እዚያ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ከዓመት በኋላ አንድ ቦርድ ተበላሽቶ ሲመጣላችሁ በየትኛው ኢሜጅ እንደተሠራ እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

ይህ ሁሉ ግን ቦርዳችሁ በሻጩ አሮጌ ከርነል የታሰረ ከሆነ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት በዋናው ከርነል ምንጭ ውስጥ፣ በአርም64 ሥር ያለውን የዲቲኤስ ማህደር እዩ። የቦርዳችሁ ስም እዚያ ካለ የሻጩን ጣሉትና በዋናው ሥሩ። ለዚያ ዴቢያን 12 ላይ የተመሠረተ ሌላ ኢሜጅ አለኝ፤ ከአሮጌው ጎን ተቀምጧል፣ ሁለቱ አይነካኩም። የደብረ ማርቆሱ ጓደኛዬ ቢግልቦን ብላክ የሚባለው ባለ 32 ቢት ቦርድ ስላለው በዚህኛው ነው የሚሠራው። ለእሱ ቦርድ አርክ አርም ይባላል፣ ኮምፓይለሩም የ32 ቢቱ ነው። ዲቲቢውን በድሮው ቦታ የሚፈልግ ስክሪፕት ያላችሁ ግን ከ6.5 ወዲህ የ32 ቢት አርም ዲቲኤስ ፋይሎች በአምራች ስም ወደተከፋፈሉ ንዑስ ማህደሮች ተዛውረዋል። የቢግልቦኑ ቲአይ ሥር፣ ኦማፕ የሚለው ውስጥ ነው ያለው።